የትኛው ተመስገን ነው?

ዝናብ ሲጥል ባርኔጣዬን ማውለቅ እወዳለሁ። እዚህ በሰው አገር፣ ሴንት አልባንስ ባቡር ጣቢያ መጠለያ ሥር የቆሙት ሰዎች እብድ መሆኔን በልባቸው እያረጋገጡ ያዩኛል። እኔም አላሳፍራቸውም፤ ፈገግ እልላቸዋለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ከግራ ጆሮዬ በላይ፣ ወደ ግንባሬ ታጥፎ የሚወጣ፣ አንድ መዳፍ የሚሸፍነው ቦታ አለ። ጠብታው እዚያ ላይ ሲያርፍ ጠብ ማለቱን እሰማለሁ፤ ቅዝቃዜው ግን የለም። በቀኝ በኩል ዝናብ ይዘንብብኛል፣ በግራ በኩል የዝናብ ወሬ ብቻ ይደርሰኛል። ፀጉር እንደሌለኝም ልንገርህ። ራሰ በራ የመሆን አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ሌሎቹን እስካሁን አላገኘኋቸውም።

ቤት ስገባ ራሴን የማደርቀው በፎጣ አይደለም። ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ በተሰቀለው የሚስቴ ሻሽ ነው። ድሮ ሰማያዊ ነበር። ዳማ ከሴ ይሸታል፤ ወይም ለእኔ እንዲያ ይሸተኛል፤ አፍንጫዬም እንደ ባለቤቱ ውሸት ይወዳል። ሻሹን ፊቴ ላይ ሳደርገው ታዲያ ያ ጊዜ ይመጣል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። አትሳቅ። ስድሳን የዘለለ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ላቨርተን ኖርዝ ካለው መጋዘን በጡረታ ወጥቼ፣ ቀኑን ሙሉ ሚስቴን በማናደድ ሥራ ላይ ተሰማርቼ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣

«እስቲ ያንን አቀብይኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«ያንን... ሾርባ የሚጠጣበትን።»

ማንኪያ ማለት አቃተኝ። ማንኪያዋ እዚያው ፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ቅርጿን አውቃለሁ፣ ሥራዋን አውቃለሁ፣ ስሟ ግን የለም። ሚስቴ ሳቀች። ልጃችንም ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ የኖረ ሰው ቃል ጠፋኝ ቢል ማን ያምነዋል? በሌላ ቀን ቀበቶ ጠፋኝ፣ ቀጥሎ በር። እነሱ ሲስቁ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ብቻዬን ከመፍራት አብሮ መሳቅ ይሻላል። የልጄ ስም የጠፋኝ ቀን ግን ቆሞ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና፣

«ዳድ፣ ስቶፕ ኢት» አለ። «ኢትስ ኖት ፈኒ።»

እውነቱን ነበር።

ሐኪሙ ረዥም፣ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የራሴን ውስጥ በኮምፒዩተር አሳየኝ። ባዶ እንዳይሆን ሰግቼ ነበር፤ ተመስገን፣ ዕቃ አለበት። ከዕቃው መካከል ሽምብራ የምታህል ነጭ ነገር ነበረች። ክፉ ዕጢ አይደለችም አሉ። የሰፈረችው ግን ቋንቋ በሚኖርበት ግቢ አጥር ላይ ነው። ካልወጣች እያደገች ቃላቱን አንድ በአንድ ትበላቸዋለች። ስትወጣ ደግሞ እጅ ከሳተ፣ ቋንቋው አብሯት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ነቅቼ፣ እያወራሁ፣ በአማርኛ እያወራሁ፣ ነው የሚሠሩኝ። እንግሊዝኛዬ ቢጎዳ ማንም ልዩነቱን አያስተውለውም ነበር።

ያን ቀን ምን ተሰማህ ብትለኝ፣ ምንም። ሰው የሌላን ሰው ዜና እንደሚሰማ ሰማሁ። ከመስኮቱ ውጭ አንዲት እርግብ የአየር ማቀዝቀዣው ላይ ቆማ ነበር፤ እሷን ሳይ ቆየሁ።

ይህን ሁሉ የምትነግረኝ አስተርጓሚዋ ነበረች። ሆስፒታሉ ቤተሰብ አያስተረጉምም ብሎ ያመጣት፣ ሠላሳ የማይሞላት፣ ከአዲስ አበባ በባሏ ቪዛ የመጣች ልጅ። ካርዷን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ መጀመሪያ የነገረችን ሕጓን ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ የለሁም። እርስዎ ያሉትን ለእሳቸው፣ እሳቸው ያሉትን ለእርስዎ። ከራሴ አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

«ታዲያ ሻይ ብጋብዝሽ ማን ሊጠጣው ነው?»

«ሻይም አይፈቀድም» አለች፤ ከንፈሯን ግን ነከስ አደረገች። ልትስቅ የምትችል ልጅ መሆኗን ያኔ ያዝኩባት።

ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ሲያስረዳ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበን። አንጎል፣ አለ በእሷ አፍ፣ ራሱ ሕመም አያውቅም። ቢነኩትም ቢቆርጡትም አይሰማውም። ሕመም የሚያውቁት የተጠቀለለበት ሽፋንና ደም የሚያመላልሱለት የደም ሥሮች ናቸው። እነዚያን የደም ሥሮች እንደ ሐረግ የተጠመጠሙባቸው ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ብዙው ራስ ምታት የሚነሳው ከእነሱ ነው ብለን እናስባለን። ታዲያ እነዚህ ነርቮች ፊትን፣ ዓይንንና ጥርስን ከሚያገለግለው ነርቭ የተቀጠሉ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ ማጅራትን ከሚያገለግሉት። መልእክቱ የሚገባው በአንድ በር ስለሆነ አንጎል ከየት እንደተላከ አይለይም።

«ስለዚህ እኔ ውስጥ ያለውን የደም ሥር ብነካ፣ እርስዎ ዓይኔን አመመኝ ይላሉ። እንዲያ ሲሆን ወዲያው ይንገሩኝ፤ ማደንዘዣ ጠብ አደርግበታለሁ። ዝም አይበሉኝ።»

ሚስቴ ይህን ስትሰማ ሌባ ጣቷ ሳታስበው ወደ ግራ ቅንድቧ ሄደ። በወጣትነቷ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች።

«ገባኝ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ሁለት ቤት በአንድ መስመር ማለት ነው። የሚደውለው ጓዳ ያለው ነው፤ እኛ ሳሎን ያለውን ሃሎ እንላለን።»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ጣቷ አሁንም ቅንድቧ ላይ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የስዕል ልምምድ ነበር። ስዕል ያሳዩኛል፣ እኔ በአማርኛ ስሙን እጠራለሁ፣ አንዲት የንግግር ባለሙያ ትክክል ወይም ስህተት እያለች ትመዘግባለች። ይህ ወንበር ነው። ይህ ዶሮ ነው። ሽበቴን ይዤ አንደኛ ክፍል ገባሁ። የአህያ ስዕል ሲመጣ፣

«ይህ እኔ ነኝ» አልኩ።

አስተርጓሚዋ ሕጓ ነውና ያልኩትን አለች። ባለሙያዋ ኤክስ አደረገች። የመነጽር ስዕል ሲመጣ «ይህ የአማቴ ዓይን ነው» አልኩ። ሌላ ኤክስ። በዕረፍቱ ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ በእናትዎ» አለችኝ። «በዕለቱ ከቀለዱ ቃሉ የጠፋዎት ነው የሚመስላቸው። ቦታው አደገኛ ነው ብለው ያቆማሉ፤ ዕጢዋም እዚያው ትቀራለች። አህያን አህያ ይበሉ።»

በሕይወቴ ብዙ ከባድ ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ዕለቱ ደረሰ። ጠዋት መኪና ውስጥ ሚስቴ ሻሿን ከወትሮው ጠበቅ አድርጋ አስራ ነበር። ትከሻዋ ሁሉ ዳማ ከሴ፣ ዳማ ከሴ ይላል፤ ጓሮ በባልዲ የተከለችውን ጨምቃ ተቀብታለች።

«ራስሽን ነው?»

«ተመስገን» አለች። «አንተ ብቻ በደህና ውጣ፣ አንተ ሽማግሌ።»

ራሴን በብረት ቆንጥጠው ያዙት። የራስ ቆዳዬን በመርፌ አደነዘዙት። ከላዬ አረንጓዴ ጨርቅ እንደ ድንኳን ወጠሩብኝ፤ ሠርግ ይሁን ለቅሶ ገና አልታወቀም። ከድንኳኑ ሥር የሚታየኝ ስዕሎቹ የሚመጡበት ታብሌትና የአስተርጓሚዋ ዓይኖች ብቻ ነበሩ፤ የቀረው ፊቷ በጭምብል ተሸፍኗል። መብሳት ሲጀምሩ ጎረቤት ግድግዳ ሲበሳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ግድግዳው እኔ መሆኔ ነው እንጂ። ቀንድ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ መጣ። አልፈራሁም። ከዚያ አልጋ ላይ የተኛው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ እሱን ላስታምም የመጣሁ ነኝ የሚል ስሜት ነበረኝ።

«ይህ ጃንጥላ ነው። ይህ ውሻ ነው። ይህ ብስክሌት ነው።»

ልጅቱ እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ ትደግማለች፣ ባለሙያዋ ታረጋግጣለች፣ ሐኪሙ ከድንኳኑ ማዶ «ጉድ» ይላል። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ሄድን። ድንገት ከግራ ዓይኔ ጀርባ የጋለ ክር ገባ። ገብቶም አልቆመ፤ በቅንድቤ ሥር አልፎ እስከ ላይኛው መንጋጋዬ ተሳበ።

ታብሌቱ ላይ ያለው የቁልፍ ስዕል ነበር። ቁልፍ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ነገር ግን አፌን ብከፍት የሚወጣው ቁልፍ አይደለም፣ እሪታ ነው። በዚያች ልጅ ፊት ደግሞ እንዴት እሪ ይባላል? ጥርሴን ነከስኩ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድነው?»

ስዕሉ ላይ አፈጠጥኩ።

«ጋሼ?»

ማዶ ያሉት እጆች ቆሙ። ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ሐኪሙ ደህና ነዎት ወይ፣ ያምዎታል ወይ ይላሉ።»

«ተመስገን» አልኩ።

ይህን መልስ አስቤ አልሰጠሁትም። እንዲያው ወጣ። አባቴ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲመጣ የመለሰው ይህንኑ ነው፤ እናቴም በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ። እኛ ቤት ደህና ነህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሌላ መልስ እንዳለ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

ልጅቱ ቃል በቃል አደረሰችው፤ «ታንክ ጎድ» አለች። ባለሙያዋ ቀጠለች፤ ሕመም የለውም፣ መናገር ይችላል፣ ቁልፍ ማለት ግን አልቻለም፤ ስለዚህ ቃሉ ጠፍቶበታል። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ተናገረ። እንግሊዝኛዬ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ ማቆምና መተው የሚሉትን ግን ማንም የመጋዘን ሠራተኛ ያውቃቸዋል። እዚህ ላይ እናቁም፣ የቀረውን እንተወው ነው ያለው። የቀረችው ዕጢ ውስጤ ልትዘጋ ነው፤ የቀሩትን ቃላትም ቀስ እያለች ልትበላቸው። ቆይ ልል አፌን ስከፍት ክሩ እንደገና ተሳበ።

ልጅቱ ዓይኔን ስታይ ነበር። ግራ ዓይኔ ብቻውን ያነባ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ከድንኳኑ ሥር ጎንበስ ብላ ጭምብሏ ጆሮዬን እስኪነካ ቀረበች፤ ማንም ሳያዛት ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ የትኛው ተመስገን ነው?»

ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከሁለት አንዱን መምረጥ እንደሚቻል እንኳን አላውቅም ነበር።

«የሚያመው» አልኳት።

«የት ጋ?»

«ዓይኔን። ከጀርባው። ይህ... ይህ ቁልፍ ነው።»

ቀና አለች። አስተርጓሚ ከራሱ መናገር ሲፈልግ ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው እንዲያወራ ይገደዳል፤ እሷም በእንግሊዝኛ «አስተርጓሚዋ ራሷ መናገር ትፈልጋለች» አለች። ቃሉ አልጠፋበትም አለች። አሞት ነው። በእኛ አገር ትልልቅ ሰዎች ሲያማቸውም ሳያማቸውም መልሳቸው አንድ ነው አለች። ዓይኔን ነው የሚለው።



«ዓይኑን» አለ ሐኪሙ ለራሱ። ከዚያ አንድ ነገር ጠብ አደረገ፤ ክሩ ተበጠሰ። እንዲሁ፣ መብራት እንደሚጠፋ። ጓዳ የነበረው ደዋይ ስልኩን ዘጋ።

ሥራው ቀጠለ። ይህ ዛፍ ነው፣ ይህ ጫማ ነው፣ ይህ ማንኪያ ነው። ማንኪያ! ሁለት ጊዜ አልኩት፤ ሁለተኛው ለራሴ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ አህያዋ መጣች። የልጅቱ ዓይኖች ከጭምብሉ በላይ ለመኑኝ።

«ይህ አህያ ነው» አልኩ፤ ባለሙያዋ እስክታረጋግጥ ጠበቅኩና ጨመርኩ፦ «ስሙን ነው የጠየቃችሁኝ፤ ዝምድናውን አልጠየቃችሁም።»

ሐኪሙ ልጅቱ ለምን እንደሳቀች ጠየቀ። ሕጓን ጠብቃ ሁሉንም ነገረችው። እጁን የፈራሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ራሴ ክፍት ሆኖ ሐኪም ማሳቅ ጥሩ አይደለም።

ዕጢዋ በሙሉ ወጣች። ቃላቱ ቀሩልኝ፤ የቆዳው ስሜት ብቻ አልተመለሰም፤ እሱን ስለ ዝናቡ ሳወራ ነግሬሃለሁ። አስተርጓሚዋን ማታውኑ ወደ ክፍሌ ልትሰናበተኝ መጥታ አየኋት።

«ልጄ፣ እንዴት አወቅሽብኝ?»

«የእኔም አባት እንደዚያ እያሉ ነው...» አለችና ካርዷን በጣቷ አገላበጠች። «ይቅርታ ጋሼ፤ ይህን መናገር አይፈቀድልኝም።» ብርድ ልብሱን ጫፉን አስተካክላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ሚስቴ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣለች። መጋረጃው ተዘግቷል፤ በጠርዙ የገባው የኮሪደር ብርሃን ጉልበቷ ላይ ቢጫ መስመር አስምሮ ነበር፤ እሷ ፊቷን ከመስመሩ አሽሽታለች። ሻሹ እንደ ጠዋቱ ጠብቆ ታስሯል።

«ራስሽስ?»

«ተመስገን።»

የልጅቱ ጥያቄ ምላሴ ላይ ገና ትኩስ ነበርና ጠየቅኳት።

«የትኛው ተመስገን ነው?»

ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። እጇን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ይኸኛው የሚያመው ነው» አለች።

ከመልኳ በፊት ያወቅኩት ድምፅዋን ነው። እኔ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ገና የተቀጠርኩ ፀሐፊ ነበርኩ፤ የክፍለ ሀገር መስመር የሚያገናኙት ኦፕሬተሮቹ ናቸው። ቀፎውን ሳነሳ «ሃሎ፣ የትኛውን ልስጥዎት?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጎንደርን እጠይቃታለሁ፤ ስታገናኘኝ ጅማን ነበር እላታለሁ፤ ጅማን ስትሰጠኝ አይ፣ አንቺን ነበር እላታለሁ። «ሥራ አለብኝ፣ ጌታዬ» ትልና ትዘጋዋለች። አንድ ቀን የስልክ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ራሷን በሰማያዊ ሻሽ አስራ፣ ግራ ዓይኗን ከፀሐይ ጨፍና ነበር። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ የዋለው ማዳመጫ ራሷን እንደመታት ገመትኩ። አሞሻል ወይ ስላት ተመስገን አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ መቀለዴን ቀጠልኩ፤ እሷም አንድ ዓይኗን ጨፍና ሳቀችልኝ። ጥቅሻ መስሎኝ ነበር። በዚያች ጥቅሻ ነው የተጋባነው።

ይህን ሆስፒታሉ ውስጥ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ራሷን ነዘራትና እንደገና ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው የቤታችን ሆነ። ጠዋት ጠዋት እጠይቃታለሁ። «የማያመው» ካለች ሬዲዮ እከፍታለሁ። «የሚያመው» ካለች መጋረጃ እዘጋለሁ፣ ስልኩን አጠፋለሁ፣ ዳማ ከሴውን ከባልዲው ቀጥፌ አሽቼ አመጣላታለሁ። ሐኪም ቤትም ሄድን፤ ክኒን ሰጧት፤ ከዳማ ከሴው ይሻል አይሻል ግን እስከ መጨረሻው ተከራክረናል። ልጃችን «ዋት ዱ ዩ ሚን፣ ዊች ዋን?» ብሎ ይገረማል። አላስረዳነውም። ሽማግሌም ምሥጢር ያምረዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልቧ አቆመ። ራሷ አልነበረም። ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም፤ ሰው ሁሉ ጀግና አለኝ። ጀግንነት አልነበረም። ሐኪሙ የነገረን ነው፤ የሕመም ወሬ ሁሉ የሚደርሰው አንጎል ራሱ አያመውም፣ ቢቆርጡትም። የመጣው ሁሉ እንዴት ነዎት ይላል፣ እኔም ተመስገን እላለሁ፣ ቀጥሎ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል። ዳማ ከሴውን ውኃ ማጠጣት ረስቼ ደረቀ። ደርቆም ባልዲውን አላነሳሁትም።

ሆስፒታሉ እስከ ዛሬ በዓመት አንድ ጊዜ ይጠይቀኛል፤ አሁን ግን በስልክ ነው። ባለፈው አንዲት አዲስ ሐኪም በአንድ መስመር፣ አስተርጓሚ በሌላ መስመር ሆነው ደወሉ። አስተርጓሚው ድምፁ ጥርት ያለ ወጣት ነበር።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ ራስ ምታት አለብዎት ወይ፣ እንዴት ነዎት ይላሉ።»

«ተመስገን» አልኩ።

ትንሽ ጠበቅኩ።

«ሂ ሴይስ ሂ ኢዝ ፋይን» አለ ልጁ፤ ቀልጣፋ ነው፣ አልፈረድኩበትም። ሐኪሟም «ግሬት» ብላ መልካም ቀን ተመኘችልኝ፤ ሁለቱም መስመሮች ተራ በተራ ተዘጉ።

ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድኩትም። ሻሹ ትከሻዬ ላይ ነበር። ባዶው መስመር ውስጥ የሚያፏጨውን እያዳመጥኩ፣ አንድ ሰው ገብቶ የትኛውን ልስጥዎት የሚለኝ ይመስል ጠበቅኩ።